የጽንስ ማቋረጥ ብይንና የውሳኔው ባለቤት፦ በፊቅህና በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ መካከል

ለአላህ ምስጋና ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

መግቢያ

ጽንስን ስለማቋረጥ የሚነሣው ጥያቄ ወደ መስጂዶቻችንና ወደ መድረሳዎቻችን በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የክርክር መንገድ ነው፤ ወጣቶች «ሕጉን ማን ይደንግገው? መንግሥት ነው? ዑለማእ ናቸው? ሐኪም ነው? ወይስ ሴቲቱ ራሷ ናት?» እያሉ ይከራከሩበታል። ሁለተኛው የጭንቅ መንገድ ነው፤ አንዲት ሴት፣ ወይም ባሏ፣ ወይም እናቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቃሉ፤ ቀኑም እየሄደባቸው ነው። የመጀመሪያው ጠያቂ መልስ ቢዘገይበት ብዙ አይጎዳም። ሁለተኛዋ ጠያቂ ግን የተሳሳተ ወይም የዘገየ መልስ ካገኘች ወይ የእርሷ ሕይወት፣ ወይ በማኅፀኗ ያለው ሕይወት፣ አንዳንዴም ሁለቱም አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው አንድ ነገር ነው። «ማን ይወስን?» የሚለው ጥያቄ አንድ ጥያቄ ይመስላል እንጂ በውስጡ አራት ጥያቄዎች አሉ። የአላህ ብይን ምንድን ነው? የሴቲቱና የጽንሱ ሁኔታ ምንድን ነው? መንግሥት የሚቀጣው የትኛውን ድርጊት ነው? በዚህ ጉዳይ ላይ ድርጊቱን ፈጽሞ በአላህ ፊት የሚጠየቀው ማን ነው? ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ባለቤት አለው። ስሕተቱ የሚጀምረው አንዱ ባለቤት የሌላውን ቦታ ሲይዝ፣ ይልቁንም የግል አስተያየት የአራቱንም ቦታ ጠቅልሎ ሲይዝ ነው።

ይህ አከፋፈል ከዘመናዊ ፖለቲካ የተቀዳ አይደለም። የማሊኪው ሊቅ ሺሃቡዲን አል-ቀራፊ (በ684 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) «አል-ኢሕካም» በተሰኘው መጽሐፋቸው የሙፍቲ ፈትዋ፣ የቃዲ ፍርድና የመሪ አስተዳደራዊ ውሳኔ የተለያዩ መሆናቸውን በሰፊው አስረድተዋል። ሙፍቲ የአላህን ብይን ያሳውቃል፤ ቃዲ በተከራካሪዎች መካከል ይፈርዳል፤ መሪ የሕዝቡን ጥቅም እየመዘነ ያስተዳድራል። እኛም ጉዳዩን በዚሁ ሚዛን እንመለከተዋለን።

፩. ዑለማእ የተስማሙበት

ቁርኣን በሱረቱል ሙእሚኑን ከ12ኛው እስከ 14ኛው አንቀጽ የሰው ልጅ ከኑጥፋ ወደ ዐለቃ፣ ከዐለቃ ወደ ሙድጋ፣ ከዚያም ወደ አጥንትና ሥጋ እየተሸጋገረ የሚፈጠር መሆኑን፣ በመጨረሻም ሌላ ፍጥረት ሆኖ እንደሚገኝ ይገልጻል። ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ሐዲስ ደግሞ እነዚህን ደረጃዎች በአርባ አርባ ቀን ይከፍላቸዋል፤ ሩሕ የሚነፋውም ከእነዚህ በኋላ ነው። ዑለማእ ከዚህ በመነሣት ሩሕ የሚነፋበትን ጊዜ በ120 ቀን ወስነዋል።

ከዚህ ጊዜ በኋላ ጽንስን ያለ አስገዳጅ ምክንያት ማቋረጥ ሐራም ለመሆኑ የአራቱም መዝሀቦች ሊቃውንት ተስማምተዋል። እናትን ከሞት ለማዳን ሲሆንስ? ከቀደምት የሐነፊ ፉቀሃእ አንዳንዶቹ፣ የእናት ሞት የሚጠረጠር እንጂ የተረጋገጠ አይደለም በሚል፣ ሕያው ጽንስን ለእርሷ ሲባል መግደልን አልፈቀዱም ነበር። የዘመናችን የፊቅህ ጉባኤዎች ግን የሕክምና እውቀት ይህን ጥርጣሬ ብዙ ጊዜ ሊያስወግደው እንደሚችል ተመልክተው፣ የታመኑ ሐኪሞች አደጋውን ካረጋገጡ ይፈቀዳል ብለዋል። ምክንያታቸው እናት መሠረት፣ ጽንሱም ከእርሷ የሚወጣ ቅርንጫፍ መሆኑ፣ ከሁለት ጉዳቶችም ቀላሉን መምረጥ የሸሪዓ ደንብ መሆኑ ነው።

፪. ዑለማእ የተለያዩበት

ከ120 ቀን በፊት ያለው ጉዳይ ግን የቆየ ኺላፍ አለበት። አንድ ኢማም ይህን ኺላፍ ሸሽጎ አንዱን ቃል ብቻ «የእስልምና አቋም» ብሎ ቢያቀርብ የሚናገረው ስለ ራሱ ምርጫ እንጂ ስለ ዲኑ አይደለም።

በሐነፊ መዝሀብ ብዙዎች ሩሕ ከመነፋቱ በፊት ማስወረድ እንደሚቻል ተናግረዋል። ይሁንና ቃዲኻን የተባሉት ሊቅ ይህን በቀላሉ አልተቀበሉትም፤ በኢሕራም ላይ ያለ ሰው የአውሬን እንቁላል ቢሰብር፣ እንቁላሉ የአውሬው መነሻ በመሆኑ፣ ካሳ ይከፍላል፤ የሰው መነሻ እንዴት ከዚያ ያንሳል? የሚል ነበር መከራከሪያቸው። ኢብኑ ዓቢዲንም ፈቃዱ በዑዝር፣ ማለትም በተጨባጭ ችግር የታጠረ መሆኑን አስፍረዋል። በምሳሌነት የሚጠቀሰው የምታጠባ እናት ጉዳይ ነው፤ ስታረግዝ ወተቷ ደርቆ፣ አባትየው አጥቢ መቅጠር ተስኖት፣ ለሚጠባው ሕፃን ሞት የሚያሰጋበት ሁኔታ።

በማሊኪ መዝሀብ የታወቀው አቋም ክልከላው ከመጀመሪያው ጀምሮ የጸና መሆኑ ነው፤ ከመካከላቸው ከአርባ ቀን በፊት የፈቀዱት አል-ለኽሚ ናቸው። በሻፊዒ መዝሀብ ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ» በተሰኘው ሥራቸው ማስወረድን ከዐዝል ለይተው፣ ሕይወት ሊሆን የተሰናዳን ነገር ማጥፋት ነው ብለዋል፤ ኃጢአቱም ጽንሱ ባደገ ቁጥር እንደሚከብድ አስረድተዋል። ሌሎች የመዝሀቡ ሊቃውንት ደግሞ ሩሕ ከመነፋቱ በፊት ባለው ጊዜ ላይ ተለያይተዋል። በሐንበሊ መዝሀብ ብዙዎች በመጀመሪያው አርባ ቀን ውስጥ የተፈቀደ መድኃኒት በመጠጣት ማስወረድን ሲፈቅዱ፣ ኢብኑል ጀውዚ ከልክለዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ሐሳብ ግልጽ ነው። ጽንስ ከመጀመሪያውም ክብር አለው፤ ክብሩ በቀናት ይጨምራል፤ የሚፈለገው የምክንያት ክብደትም አብሮት ይጨምራል። «እስከ 120 ቀን ምንም ችግር የለውም» የሚለው በሕዝቡ መካከል የሚሰማ አነጋገርም፣ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ነፍስ ግድያ ነው፤ ምንም በር የለውም» የሚለውም ከዚህ የሊቃውንት ሚዛን የወጡ ናቸው።

፫. ጽንስ የማንም ንብረት አይደለም

ከሁዘይል ጎሣ የሆኑ ሁለት ሴቶች ተጣልተው አንዷ በወረወረችው ድንጋይ የሌላዋ ጽንስ ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጽንሱ ጉርራ እንዲከፈል ፈረዱ። ፉቀሃእ የጉርራን መጠን የሙሉ ዲያ ሃያኛ እጅ፣ ማለትም አምስት ግመሎች አድርገው ተምነውታል። ጽንሱ በሕይወት ወጥቶ ከሞተ ግን ሙሉ ዲያ ይከፈላል።

ይህ ካሳ የሚሄደው ወደ ጽንሱ ወራሾች ነው። ኢብኑ ቁዳማ «አል-ሙግኒ» ላይ እንዳሰፈሩት፣ ነፍሰ ጡር ሴት ራሷ መድኃኒት ጠጥታ ብታስወርድ ጉርራው በእርሷ ላይ ይሆናል፤ ከእርሱም አትወርስም። አባትም ጥፋተኛው እርሱ ከሆነ እንዲሁ ነው። እንግዲህ ጽንስ የእናቱም፣ የአባቱም፣ የመሪውም ንብረት አይደለም። ማንም ቢሆን «የእኔ ነው፤ እንደፈለግሁ አደርገዋለሁ» የሚልበት መብት የለውም። በአንጻሩ ደግሞ እናት በእርግዝና ምክንያት ሕይወቷና ጤናዋ ከቁም ነገር የማይገባ ዕቃ አይደለችም፤ የእርሷም ነፍስ በሸሪዓ የተጠበቀች ናት።

ስለ ውሳኔው ባለቤት ከሁሉ የላቀ ትምህርት የምናገኘው ከኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ነው። የሴት ጽንስ የማጨንገፍ ጉዳይ ሲያጋጥማቸው በራሳቸው አስተያየት አልፈረዱም፤ ሰዎችን ሰብስበው አማከሩ። አል-ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ ነቢዩ በጉርራ መፍረዳቸውን ነገሯቸው። ዑመር በዚህም ሳያበቁ ምስክር ጠየቁ፤ ሙሐመድ ኢብኑ መስለማ መሰከሩ። ይህም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በሌላ ጊዜ ዑመር ያስጠሯት ሴት ደንግጣ እንዳስወረዳት በፊቅህ መጻሕፍት ይነገራል። አንዳንዶች «በእርስዎ ላይ ዕዳ የለም» ሲሏቸው፣ ዐሊይ (ረ.ዐ.) ዲያው በኸሊፋው ላይ መሆኑን ተናገሩ፤ ዑመርም ተቀበሉ። የሙስሊሞች መሪ በዚህ ጉዳይ ከማስረጃ በፊት አልተናገረም፤ ሥልጣኑም ከተጠያቂነት አላዳነውም። በሚንበር ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው ከዚህ በላይ ነፃነት ሊኖረው አይችልም።

፬. የሀገራችን ሕግ ምን ይላል?

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው የእናትን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ሕጉ እንዲሻሻል ክርክር በተደረገበት ወቅት ጥንቃቄ የጎደለው ጽንስ ማቋረጥ ከእናቶች ሞት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑ በስፋት ተነሥቷል። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የጸደቀውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 545 እስከ 552 ድረስ ስለዚሁ ይደነግጋል።

ሕጉ ጽንስ ማቋረጥን በመርሕ ደረጃ ወንጀል ነው ይላል። ይሁንና በአንቀጽ 551 መሠረት ፈቃድ ባለው የሕክምና ተቋም፣ ሙያው በሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ ሲፈጸም የማያስቀጣባቸው አራት ሁኔታዎች አሉ። እነርሱም እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፤ ለእናት ወይም ለልጁ ሕይወት፣ ወይም ለእናት ጤና አደገኛ ሲሆን፤ ጽንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፤ እንዲሁም ሴቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም አካለ መጠን ባለማድረሷ ልጁን ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ናቸው። በአንቀጽ 552 መሠረት በመደፈር ለመጣ እርግዝና የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው። እጅግ የከፋ ድህነት ግን በአንቀጽ 550 ቅጣትን ያቀልላል እንጂ ድርጊቱን አያስፈቅድም። ዝርዝር አፈጻጸሙን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ወስኗል።

ይህን ሕግ የመደንገግ ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተሰጣቸው ሥልጣን ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና የመሳሰሉትን የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች ይመለከታል፤ እነዚህንም የሚዳኙት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። የወንጀል ጉዳይ በሥልጣናቸው ውስጥ የለም። ስለዚህ «ቃዲው ይፍቀድልኝ» ወይም «መጅሊስ ይከልክልልኝ» የሚለው ጥያቄ ከሕግ አንጻር ባለቤቱን የሳተ ነው። ሙስሊሙ ማኅበረሰብ ሕጉ ላይ ሐሳብ ካለው እንደማንኛውም ዜጋ በተወካዮቹና በውይይት መድረኮች በኩል ያቀርባል። ከዑለማእ የሚጠበቀው ደግሞ ለምእመኑ ብይኑን መግለጽ ነው።

፭. ሕጉና ፊቅሁ የሚገናኙበትና የሚለያዩበት

እዚህ ላይ አንድ ደንብ እናስቀምጥ። ሕግ «አያስቀጣም» ሲል «ሐላል ነው» ማለቱ አይደለም። በሌላ በኩል ዑለማእ አንድን ነገር «ሐራም ነው» ማለታቸው ፈጻሚውን ለፖሊስ አሳልፎ የመስጠት ግዴታ በኢማሙ ላይ አይጥልም። ፉቀሃእ በአላህና በባሪያው መካከል ባለው ጉዳይና በፍርድ አደባባይ በሚታየው ጉዳይ መካከል ሁልጊዜ ይለያሉ።

የእናት ሕይወት፦ ሁለቱም ይገናኛሉ። ልዩነቱ ሕጉ «ጤና» ሲል ሰፋ አድርጎ መናገሩ ነው። ከ120 ቀን በኋላ በፊቅህ የሚፈለገው ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ነው።

ድህነት፦ ሁለቱም ይቀራረባሉ። ቁርኣን በሱረቱል አንዓም 151ኛው እና በሱረቱል ኢስራእ 31ኛው አንቀጽ ድህነትን ፈርቶ ልጅን መግደል ከልክሏል። የሳዑዲ ዐረቢያ ታላላቅ ዑለማእ ምክር ቤትም በ1407 ዓመተ ሂጅራ ባሳለፈው 140ኛ ውሳኔው ልጅ የማሳደግን ችግር መፍራት ብቻውን ምክንያት እንደማይሆን ገልጿል። ይሁን እንጂ ድህነትን ለምክንያትነት የሚከለክል ማኅበረሰብ ለድሃዋ እናት ዘካና ሶደቃ ማድረስ ግዴታው መሆኑን መርሳት የለበትም።

የጽንስ የአካል ጉድለት፦ መሠረቱ ከሚኖር የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የፊቅህ ጉባኤ በ1990 እ.ኤ.አ. መካ ላይ ባደረገው 12ኛ ስብሰባው፣ ከ120 ቀን በፊት የታመኑ ልዩ ሐኪሞች ጽንሱ ሊታከም የማይችል ከባድ ጉድለት እንዳለው ካረጋገጡና ወላጆች ከጠየቁ ማቋረጥ እንደሚቻል ወስኗል። ከ120 ቀን በኋላ ግን ለእናት ሕይወት አስጊ ካልሆነ በስተቀር ጉድለት ብቻውን አያስፈቅድም ብሏል። ሕጋችን በዚህ ጉዳይ የ120 ቀን ገደብ የለውም።

መደፈር፦ የቦስኒያ ሙስሊም ሴቶች በ1990ዎቹ በደረሰባቸው ግፍ ጊዜ ጥያቄው በዓለም ዑለማእ ፊት ቀርቦ፣ ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊን ጨምሮ ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ይፈቀዳል፣ በፈጠነ ቁጥርም ፈቃዱ ይሰፋል የሚል ፈትዋ ሰጥተዋል። ልጁን መውለድ የምትመርጥ ሴትም ነውር እንደሌለባት አብረው አስረድተዋል።

በፈቃደኝነት የተፈጸመ ዝሙት፦ ሕጉ ይህን ለብቻው ምክንያት አያደርገውም። በፊቅህም ኃጢአት ለሌላ ሕይወት መጥፋት በር መክፈት የለበትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዝሙት አርግዛ ራሷ የመሰከረችውን የጋሚድ ጎሣ ሴት እስክትወልድና ልጇን ጡት እስክታስጥል ማቆየታቸው በሙስሊም ተዘግቧል። ከዚህ የምንማረው ልጁ በወላጆቹ ጥፋት የማይጠየቅ መሆኑን ነው። ነገር ግን ያረገዘችን ልጅ ከቤት የሚያባርር ቤተሰብ፣ ስሟን በየአደባባዩ የሚያነሣ ጎረቤት፣ እርሷን ወደ ሥውር ቤት ገፍቶ ያስገባት እርሱ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

፮. የቀን አቆጣጠር

ብዙ ፈትዋ የሚበላሸው በቁጥር ነው። ሐኪም እርግዝናን የሚቆጥረው ሴቲቱ ለመጨረሻ ጊዜ የወር አበባ ካየችበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ነው። በሐዲሱ ያለው አቆጣጠር ግን ከመፀነስ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል በአማካይ የሁለት ሳምንት ልዩነት አለ። ስለዚህ 40 ቀን የሚባለው በሐኪም አነጋገር ስምንተኛው ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ 120 ቀን ደግሞ 19 ሳምንት ገደማ ነው። ሐኪም «17 ሳምንት ሆኗታል» ቢል ኢማሙ በሰባት አባዝቶ «119 ቀን ነው፤ ነገ ያበቃል» ማለት የለበትም፤ ከመፀነስ ሲቆጠር 105 ቀን ገደማ ነው። የአልትራሳውንድ ልኬትም ጥቂት ቀናት ወዲያና ወዲህ ሊል ስለሚችል በገደቡ አካባቢ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በሀገራችን የጤና መመሪያ ያለው ገደብ 28 ሳምንት መሆኑም መታወቅ አለበት። ይህ ከ120 ቀን በሁለት ወር ገደማ ያልፋል። ሆስፒታል «ይቻላል» ማለቱ ለምእመኗ የዲን መልስ የማይሆነው በተለይ በዚህ መካከል ባለው ጊዜ ነው።

፯. ከሌሎች ሀገሮች የምናየው

ሙስሊም የሚበዛባቸው ሀገሮች ከአንድ ፊቅህ ተነሥተው ወደተለያየ ሕግ ደርሰዋል። ቱኒዚያ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሴቲቱ ጥያቄ ትፈቅዳለች። ቱርክ በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ እስከ 10 ሳምንት ፈቅዳ ለባለ ትዳር የባልን ስምምነት ትጠይቃለች። ኢራን በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሩሕ ከመነፋቱ በፊት በሦስት ሐኪሞች ማረጋገጫ ፈቅዳ ነበር። ብዙ እህቶቻችን በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩባቸው የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችም በ2024 እ.ኤ.አ. በመደፈር ለመጣ እርግዝና እስከ 120 ቀን በር ከፍተዋል። ይህ ልዩነት የሚያሳየው የፊቅህ ብይንን ወደ መንግሥት ሕግ መለወጥ ተጨማሪ ምዘና የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ነው። ያም የአስተዳዳሪዎች ድርሻ ነው።

፰. ከኢማምና ከመምህር የሚጠበቀው

አንደኛ፣ ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ። «ከጁምዓ በኋላ ተመለሺ» የሚለው መልስ አንዲትን ሴት ከተፈቀደው ጊዜ ሊያወጣት ይችላል። ጥያቄው ከአቅም በላይ ከሆነም በዚያው ቀን ወደሚያውቅ ዓሊም መምራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የሕክምናውን ጥያቄ ለሐኪም መተው። «ምንም አትሆኚም፤ አላህ ያውቃል» ማለት የተወኩል መልክ ቢኖረውም በሰው ሕይወት ላይ ያለ እውቀት መናገር ነው። ሐኪምም በበኩሉ የጤናውን ሁኔታ ይናገራል እንጂ የሐላልና የሐራም ገላጭ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ቃዲ አለመሆን። ሙፍቲ የሚመልሰው በቀረበለት ጥያቄ መጠን ነው። ተደፈርሁ ያለችን ሴት ምስክር አምጪ ማለት የፈትዋ ሥራ አይደለም፤ ዋሽታ ከሆነ ኃላፊነቱ በአላህ ዘንድ የራሷ ነው።

አራተኛ፣ ምሥጢርን መጠበቅ። የሰማነውን ለኹጥባ ምሳሌ ማድረግ፣ ስም ባይጠራም፣ በትንሽ ሰፈር ውስጥ ስም መጥራት ነው።

አምስተኛ፣ ጽንስ ያቋረጠችና ደም የሚፈሳት ሴት ስትገኝ ወዲያው ወደ ሕክምና እንድትሄድ ማድረግ። ነፍስን ማዳን ግዴታ ነው፤ ስለ ኃጢአቱና ስለ ተውበቱ የምንነጋገረው ከዳነች በኋላ ነው።

ስድስተኛ፣ ለደረሶች ኺላፉን ከነማስረጃው ማስተማር። መልሱን ብቻ የተማረ ደረሳ ነገ በሚንበር ላይ የራሱን ስሜት እንደ ዲን ያውጃል።

ማጠቃለያ

«ማን ይወስን?» ላሉን የምንመልሰው ይህን ነው። ብይኑን ዑለማእ ከማስረጃ ይገልጣሉ፤ ሁኔታውን ሐኪም ይመሰክራል፤ ቅጣቱን ሕግ አውጪው ይደነግጋል። በመጨረሻም እናት፣ ባሏም ካለ ከእርሱ ጋር፣ እነዚህን ሰምታ ድርጊቱን ትፈጽማለች ወይም ትተዋለች፤ በአላህ ፊት የምትቆመውም እርሷ ናት። የኢማሙ አደራ ወደዚያ ውሳኔ በእውቀት እንድትደርስ መንገዱን ማብራት ነው። የግል አስተያየቱን በብይኑ ቦታ ካስቀመጠ ግን ጥፋቱን ከእርሷ ጋር ይሸከማል። ዑመርን የሚያህል ሰው ምስክር የጠየቀበት ጉዳይ ላይ እኛ ከመናገራችን በፊት መጠየቅ ይገባናል።

ወላሁ አዕለም።